እጅ የለመደው ስክሪን

የድሮውን የኮምፒውተር ገጽታ አንለቅም የሚሉ ሰዎች በብዙ መሥሪያ ቤት አሉ። ምክንያታቸውን ቁጭ ብሎ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነው።

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ጽሕፈትና ኮፒ ከሚሠራባቸው ጠባብ ክፍሎች በአንዱ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መቀመጫ አይገኝም። ክስ የሚያስጽፍ አለ፣ የመከላከያ መልስ የሚያስጽፍ አለ፣ ቃለ መሐላውን በሦስት ኮፒ የሚፈልግ አለ። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ጸሐፊ ዓይኗን ከደንበኛው የእጅ ጽሑፍ ላይ አትነቅልም። ማውሱን ቁልቁል ወደ ግራ ወርወር ታደርገዋለች፣ አንዴ ትጫናለች፣ ትንሽ ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ ደግማ ትጫናለች። የፈለገችው ፋይል ተከፍቷል። «ቶሎ በይልኝ ልጄ፣ ችሎት ሊገባብኝ ነው» ይላሉ ከኋላዋ የቆሙ አዛውንት። ቶሎ ትላለች። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ እስኪወጣ ድረስ ስክሪኑን ትኩር ብላ ያየችው የፊደል ግድፈት ስታርም ብቻ ነው።

ከጎኗ አዲስ ኮምፒውተር አለ። ከአሮጌው ይፈጥናል፣ ስክሪኑም ሰፊ ነው። የቤቱ ባለቤት የገዛው ሥራው እንዲቀላጠፍ ብሎ ነበር። አሁን ስካን ይደረግበታል፣ ኢሜይል ይላክበታል፣ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው ፎቶ ይታተምበታል። ጽሕፈት ሲመጣ ግን ወረፋው ወደ አሮጌው ነው። ለምን ስትባል «እዚያኛው ላይ እጄ አይሄድልኝም» ትላለች፤ ለእሷ ነገሩ በዚህ ያለቀ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በሒሳብ ክፍሉም፣ በመዝገብ ቤቱም፣ በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤቱም አለ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሊደረግ ሲወሰድ ለፋይሎቹ ይጨነቃል፤ ከዚያ እኩል ደግሞ ሌላ ዊንዶውስ ተጭኖበት እንዳይመጣ ይሰጋል። ጠጋኙ «ይኼ እኮ ጊዜው አልፎበታል» ይለዋል፣ አለቃው ሥልጠና ይልከዋል፣ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረትም ይጠቀስበታል። ተረቱ እዚህ ቦታውን አላገኘም። ጸሐፊዋ አዲሱን ታውቀዋለች፤ ሠርታበታለች፤ በአሮጌው የምትጨርሰውን ያህል አልጨረሰችበትም። አሮጌውን ስትመርጥ የሰጠችው የባለሙያ ፍርድ ነው። እንደ ባለሙያ ፍርድ ሲቆጠርላት ግን አይታይም።

## ጥጉ ከየት መጣ

ማውሱ የሚወረወርበት የግራ ጥግ የተገኘው ሰዎች ሲሠሩ ቁጭ ብሎ በማየት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማይክሮሶፍት ባለሙያዎች ለኮምፒውተር እንግዳ የሆኑ ሰዎችን ከስክሪን ፊት እያስቀመጡ ይመለከቱ ነበር። ሰዎቹ ፕሮግራም ከየት እንደሚከፈት ይጠፋባቸዋል። አንዱ መስኮት ሌላውን ሲሸፍነው ደግሞ የተሸፈነው የጠፋ ይመስላቸውና ያንኑ ፕሮግራም እንደገና ይከፍታሉ። በመጀመሪያ የታሰበው ከስክሪኑ ግርጌ ሦስት ቁልፎችን መደርደር ነበር፤ ለጀማሪው አልሆነለትም። ሦስቱ ተጠቃለው ግራ ጥጉ ላይ «ስታርት» የተጻፈበት አንድ ቁልፍ ሆኑ። ከጎኑ የተከፈተው ሁሉ በስሙ የሚሰለፍበት ታስክባር ተዘረጋ። ኦገስት 24 ቀን 1995 ዊንዶውስ 95 ለገበያ ሲቀርብ ዓለም ያየው ይህን ነው።

ያኔም «የድሮው ይሻለኛል» ያለ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዊንዶውስ ፕሮግራሞቹን የሚከፍተው ፕሮግራም ማናጀር በሚባል መስኮት ነበርና እጁ እሱን የለመደ ብዙ ነበር። ማይክሮሶፍት አሮጌውን አልደመሰሰውም። ከአዲሱ ጋር አብሮ አስቀመጠው፤ የፈለገ አስነስቶ ይጠቀምበት ነበር። ሰው በራሱ ጊዜ ተሻገረ። ይህ ትንሽ ውሳኔ ኋላ ላይ ከመጡት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ጨዋነት እንደነበረበት ይታወቃል።

ጥጉ ለምን ለእጅ እንደሚመች የሚያስረዳ የቆየ ጥናት አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው፣ እጅ አንድን ዒላማ ለማግኘት የሚፈጅበት ጊዜ በዒላማው ርቀትና ስፋት ይወሰናል። ቅርብና ሰፊ የሆነው ቶሎ ይገኛል፣ ሩቅና ጠባብ የሆነው ይዘገያል። የስክሪን ጥግ ከዚህ ሕግ ልዩ ጥቅም ያገኛል። ጠቋሚው ጥጉ ላይ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ መሄጃ ስለሌለው፣ የቱንም ያህል በኃይል ቢወረወር እዚያው ይቆማል። በዊንዶውስ 95 ላይ በቁልፉና በጥጉ መካከል ቀጭን ክፍተት ስለነበረ ጥጉን ራሱን መጫን አይሠራም ነበር፤ በኋለኞቹ ታርሟል።

> ጥግ ላይ ያለን ቁልፍ ለመጫን ማነጣጠር አያስፈልግም፤ ማየትም አያስፈልግም።

በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 ቁልፉን ከጥጉ አንስቶ ወደ መሃል ወሰደው። መሃል ላይ ሲሆን ደግሞ በአንድ ቦታ አይረጋም፤ ተጨማሪ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር ረድፉ ስለሚሰፋ ቁልፉ ወደ ግራ ይገፋል። ጠዋት የነበረበት ቦታ ከሰዓት በኋላ የለም ማለት ነው። ወደ ግራ የመመለሻ ምርጫ አለ፤ ምርጫው እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ሁሉም አይደለም። ታስክባሩን ከስክሪኑ አናት ወይም ከጎን አድርጎ ዓመታት የሠራ ሰው ደግሞ ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ይህን ማድረግ እንደተከለከለ አገኘው።

## አእምሮ የረሳውን እጅ ሲያስታውስ

በ1953 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ አንድ ወጣት ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ አይቆይም፤ አሁን ያነጋገረውን ሰው ጥቂት ቆይቶ እንግዳ ያደርገዋል። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር አንድ ሥራ ሰጡት። እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕልን ጠርዝ በእርሳስ እንዲከተል ነበር። በመስታወት ሁሉ ነገር ስለሚገለበጥ ለማንም ይከብዳል። ለሦስት ቀን ሠራው። በየቀኑ ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ነበር የሚሰማው፤ እጁ ግን በየቀኑ እየተካነ ሄደ። ሰውየው በ2008 ሲያርፍ ስሙ ሄንሪ ሞሌይሰን መሆኑ ይፋ ሆነ። የእጅ እውቀት ከሌላው ትዝታ ተለይቶ የሚቀመጥ መሆኑን ካስረዱት ጉዳዮች የእሱ ዋነኛው ነው።

የኮፒ ቤቷን ጸሐፊ «ማርጂን የሚስተካከለው ከየት ነው?» ብትሏት ቆም ብላ ታስባለች። ማውሱን ስጧት፣ ሳታስብ ታሳያችኋለች። መብራት በጠፋ ሌሊት ጓዳ ገብታ ክብሪቱን ባንድ ጊዜ የምታነሳ እናት የምትመራውም በዚሁ እውቀት ነው። ሌላ ሰው ገብቶ ጓዳውን ቢያደራጅባት፣ ድርድሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጨለማው ውስጥ ትደናበራለች።

የእጅ እውቀት አንድ ጽኑ ጠባይ አለው፤ አዲስ ስለተማሩ አይለቅም። ቁልፉ ከቦታው ሲነሳ እጅ በልማዱ ወደ ድሮው ቦታ ይሄዳል፣ እዚያ ሌላ ነገር ያገኛል፣ ያልፈለገውን ይከፍታል፣ ይመለሳል። ጀማሪ የሚማረው ነገር ብቻ ነው ያለበት። የቆየው ሰው የሚማርም የሚታገልም ነው። የአንድ ቀን ሥልጠና ይህን አይፈታም፤ ሥልጠናው ጭንቅላትን ያስተምራል፣ እጅ ግን የሚማረው በመቶዎች ጊዜ በመደጋገም ነው።

> አዲስ ገጽታ ሲመጣ ከጀማሪው ይልቅ የሚጎዳው የተካነው ነው።

## ስታርት የጠፋበት ዓመት

የዚህን ነገር ዋጋ ዓለም በሰፊው ያየው በዊንዶውስ 8 ነው። እሱ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ2010፣ አፕል አይፓድን አውጥቶ ነበር፤ ሰው ስክሪን በጣቱ መንካት እየለመደ ነበር። ማይክሮሶፍት ወደ ኋላ እንዳይቀር ሰጋ፤ ለጣትም ለማውስም የሚሆን አንድ ገጽታ ሠራ። ኦክቶበር 26 ቀን 2012 ሲወጣ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው በቀለማት የተሞሉ አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች ስክሪኑን ሁሉ ሸፍነው ጠበቁት። ስታርት ከዓይን ተሰውሯል። ኮምፒውተሩን ለመዝጋት ጠቋሚውን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዶ፣ ብቅ ከሚለው ረድፍ ሴቲንግስን መርጦ፣ ከዚያ ፓወርን፣ ከዚያ ሻት ዳውንን መጫን ያስፈልግ ነበር። ጥጉ ላይ ይህ እንደተደበቀ የሚጠቁም ምልክት ስክሪኑ ላይ አልነበረም።

ገጽታውን የሠሩት ሰዎች በግምት አልሠሩትም። ከተጠቃሚዎች ኮምፒውተር የተሰበሰበ መረጃ ነበራቸው፤ ሰዎች የሚያዘወትሯቸውን ፕሮግራሞች ታስክባሩ ላይ ስለሚያስቀምጡ ስታርት ሜኑን የሚከፍቱበት ጊዜ እየቀነሰ መሆኑን ያሳያል። መረጃው ትክክል ነበር፣ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። ጥቂት ጊዜ የሚነካ ነገር ጥቂት ዋጋ አለው ማለት አይደለም። ስታርት ሰው ግራ ሲገባው የሚመለስበት መነሻ ነበር። በስልክ መረዳዳትም የቆመው በእሱ ላይ ነው። ዋሽንግተን ያለች ልጅ አዲስ አበባ ላለች እናቷ «እማዬ፣ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ተጫኚ» ስትላት፣ ሁለቱ የሚነጋገሩት ሁለቱም በሚያውቁት ካርታ ነው። ካርታው በአንደኛዋ ቤት ሲቀየር «ምን ይታይሻል?» ከሚለው ጥያቄ ይጀመራል፤ ከዚያ ደግሞ ቶሎ አይወጣም።

ተጠቃሚው ዝም አላለም። ክላሲክ ሼልን የመሳሰሉ፣ የድሮውን ሜኑ መልሰው የሚያመጡ ትናንሽ ፕሮግራሞች ተፈላጊ ሆኑ። በዓመቱ የወጣው 8.1 ቁልፉን መለሰ፣ ሜኑውን ግን አልመለሰም፤ ቁልፉ ሲጫን እነዚያው ሰሌዳዎች ናቸው የሚመጡት። ሜኑው ራሱ የተመለሰው ጁላይ 29 ቀን 2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ነው።

## ክቡ ምልክትና የግዕዙ ፊደል

ለጸሐፊዎች ግን ትልቁ መናወጥ ከዚያ ቀድሞ በኦፊስ 2007 የመጣው ነው። ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው እየተባሉ የሚቆጠሩት ሜኑዎች ከወርድ ላይ ተነስተው ሪበን የሚባለው ሰፊ የምልክት ረድፍ ተተካ። ፋይል በነበረበት ቦታ የኦፊስ አርማ ያለበት ክብ ምልክት ተቀመጠ። ፕሪንት ከሥሩ ነበር፣ ኦፕንም ከሥሩ ነበር፤ ክቡ ምልክት ግን ጌጥ ይመስል ስለነበር ብዙ ሰው ሊጫነው አላሰበም። በኦፊስ 2010 «ፋይል» የሚለው ጽሑፍ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማውስ ትተው በኪቦርድ የሚሠሩት በዚህ ሁሉ ብዙ አልተነኩም። ኮንትሮልና ፒ እንደ ድሮው ያትማል፤ የቀድሞዎቹ የአልት ቅደም ተከተሎችም እንዲሠሩ ሆን ተብሎ ተጠብቀዋል። ይህን የወሰነ ሰው የእጅ እውቀት የሌላ ሰው ሀብት መሆኑን የተረዳ ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ክብደት ይጨመርበታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ አቀማመጡም እንደየሠሪው ይለያያል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን የለመደ ጸሐፊ ደግሞ ጣቶቹን ያሠለጠነው በዚያው አቀማመጥ ነው። ስለዚህ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ይችን ኮምፒውተር አትንኩብኝ» ሲል የሚጠብቀው ልማዱን ብቻ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ የዓመታት ውልና ደብዳቤ የሚነበበው በእሷ ላይ ነው።

## ውስጡና ፊቱ

እዚህ ላይ ከቴክኒክ ሰዎች ውጭ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ የምናየው ገጽታና ከሥሩ የሚሠራው ሥርዓት ሁለት ነገሮች ናቸው። ውስጡን ቀይሮ ፊቱን መተው ይቻላል። ተደርጓልም።

አፕል በ2001 ማክ ኦኤስ ቴን ሲያወጣ ውስጡ ሌላ ሆኖ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ስክሪኑ አናት ላይ የነበረው የሜኑ ረድፍ ግን አልተነካም። ከዚያ በፊት ለሙከራ በተለቀቀው ላይ የአፕል አርማ ከግራ ጥግ ተነስቶ መሃል ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሲጫኑትም ምንም አያደርግም። ተጠቃሚው ጮኸ፤ ዋናው ሲወጣ አርማው ግራ ጥጉ ላይ ተገኘ። በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒም በየቤቱ የነበረውን አሮጌ ውስጥ በአዲስ ተክቶ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ልብስ ለብሶ መጣ። ልብሱን ያልወደደ በአንድ ምርጫ ወደ ክላሲኩ ግራጫ መልክ ይመለስ ነበር። ያ ምርጫ በዊንዶውስ 8 ላይ ተወገደ።

ሊኑክስ በተባለው ነጻ ሥርዓት ዓለም ደግሞ ይህን ተጠቃሚው ራሱ ሠራው። ኤፕሪል 2011 ኖም 3 የሚባለው አዲስ ዴስክቶፕ ሲወጣ የታችኛውን ታስክባርና የለመዱትን ሜኑ አነሳ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ አማሮ ኤክስኤፍሲኢ ወደሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ሄደ። በዚያው ዓመት አንድ አርጀንቲናዊ የኖም 2ን ኮድ ወስዶ ማቴ የሚል ስም ሰጥቶ ማሳደግ ጀመረ፤ ስሙ በደቡብ አሜሪካ እንደ ሻይ ተዘፍዝፎ ከሚጠጣ ቅጠል የመጣ ነው። ማቴ ዛሬም አለ። ከሥሩ ያለው ሊኑክስ በየጊዜው ይታደሳል፣ ፊቱ ግን የኖም 2 ፊት ነው። ቶርቫልድስ ኋላ ላይ ወደ ኖም 3 ተመልሷል፤ የተመለሰው ተጨማሪ ቅጥያዎች እየጫኑ እንደ ፍላጎት ማስተካከል ሲቻል ነው።

ውስጡና ፊቱ በግድ ሲታሰሩ የሚመጣው ጉዳት ከሥራ መዘግየት ያልፋል። የደኅንነት ማስተካከያ የሚሰጠው ለአዲሱ ነው። የለመደውን ፊት የሚፈልግ ሰው ማስተካከያ በማይመጣለት ሥርዓት ላይ ይቀራል። ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ዓለምን ሲያዳርስና የብሪታኒያን ሆስፒታሎች ሲያውክ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከሦስት ዓመት በፊት ላቋረጠው ኤክስፒ ሳይቀር አስቸኳይ ማስተካከያ ለመልቀቅ ተገድዶ ነበር። ሰዎች በአሮጌ ሥርዓት ላይ የሚቆዩት በገንዘብም፣ በአሮጌ ማሽንም ምክንያት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱን ግን፣ የፊቱን ነገር፣ አምራቾቹ በቀላሉ ማስወገድ ይችሉ ነበር።

> ሰው በደኅንነቱና በእጁ እውቀት መካከል እንዲመርጥ መገደድ የለበትም።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች በዚህ አይስማሙም። ሁለት ገጽታ መጠበቅ ሥራን እጥፍ ያደርጋል ይላሉ፤ አዲስ የሚመጣው ትውልድ ከስልክ ነው የሚጀምረው፣ የድሮውን ሜኑ አያውቀውም ይላሉ። በዚህ ሐቅ አላቸው። ስልክ ላይ ያደገ የኮሌጅ ተማሪ ኮፒ ቤቷ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ቢቀመጥ እሱም ይደናበራል። አዲሱ ለእሱ ይሠራለት። ጥያቄው የእሱ መምጣት የሌላዋን መንገድ መዝጋት አለበት ወይ የሚለው ነው።

ገጽታ ሲቀየር ከሁሉ የሚከብደው ለማያይ ሰው ነው። አንድ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ስክሪኑን የሚያነብለትን ሶፍትዌር በጆሮው እየሰማ፣ «አራት ጊዜ ታብ፣ ከዚያ ኢንተር» እያለ በቃሉ በያዘው መንገድ ይሠራል። ለሚያይ ሰው አንድ ቁልፍ ትንሽ ቦታ መለወጡ የአፍታ ፍለጋ ነው። ለእሱ ግን የቆጠረው መንገድ ሁሉ ይፈርሳል፤ ረድፉን ከመጀመሪያ ጀምሮ አንድ በአንድ ማዳመጥ ይኖርበታል።

## ከኦክቶበር 14 ወዲህ

ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። የኮፒ ቤት ባለቤትም፣ የመሥሪያ ቤት ግዥ ክፍልም ውሳኔው ደጃፋቸው ላይ ነው።

አዲስ ማሽን መግዛት የሚችል ሰው ዊንዶውስ 11 ላይ ስታርትን ወደ ግራ ጥጉ መመለስ በሴቲንግስ የሚሠራ አጭር ሥራ መሆኑን ይወቅ፤ ኮምፒውተሩን ለጸሐፊው ከማስረከብ በፊት መደረግ አለበት። ኦፕን ሼል የተባለው የክላሲክ ሼል ተከታይም በነጻ ይገኛል። መግዛት ለማይችል፣ ሊኑክስ ሚንት ከድሮው ዊንዶውስ የሚቀራረብ ሜኑና ታስክባር አለው፣ በአሮጌ ማሽንም ይሠራል። አማርኛ በዩኒኮድ ይጻፍበታል፤ ለዊንዶውስ የተሠሩትን የአማርኛ መጻፊያዎች ግን እንዳሉ እጭናለሁ ያለ ሰው ይቸገራል፣ የፊደል አቀማመጡንም እንደገና መልመድ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት የአሮጌ ሰነዶች ነገር ነው። በድሮ ፎንት የተጻፉት ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው፤ ያ ካልተቻለ ቢያንስ ፎንቱ በውስጣቸው ተካትቶ ፒዲኤፍ ሆነው ይቀመጡ፣ ያኔ ፎንቱ በሌለበትም ይነበባሉ። ሥራው የሚቀለው አሮጌው ኮምፒውተር ገና በሚነሳበት ጊዜ፣ የቱ ሰነድ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያውቀው ሰውም ሥራው ላይ እያለ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ በምልክት ክምሩ ውስጥ ፎንቱን በሙከራ መፈለግ ይቀራል።